ሾላን ከፍቶ ማየት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሾላ በድፍን» የሚል አባባል አለን። ነገሩ ሳይገለጥ፣ ውስጡ ሳይመረመር ይለፍ ማለት ነው። አባባሉ ከፍሬው ጠባይ ጋር ይስማማል፤ ሾላን ከፍቶ ያየ ሰው ውስጡ ደቃቅ ነፍሳት ያገኛልና፣ ሳይከፍት መብላትን ይመርጣል። ነፍሳቱ ግን በከንቱ አልገቡም። የሾላ አበባ የሚያብበው በፍሬው ውስጥ ስለ ሆነ፣ አንዲት ደቃቅ ተርብ ገብታ ካላዳቀለችው ዘር አያፈራም። ከፍቶ የመረመረ ይህን አወቀ፤ ተጸይፎ የተወ ሳያውቅ ቀረ። ዛሬ ስለ ሾላ መድኃኒትነት ስናገር አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን መድኃኒት በድፍኑ መዋጥም፣ በድፍኑ መጣልም አይገባንም።

በመጀመሪያ ስለ ዛፉ እንነጋገር። እኛ ሾላ፣ ባምባ፣ ዋርካ የምንላቸው ዛፎች ሁሉ የአንድ ወገን ናቸው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ፊኩስ ይሉታል። ሲቆረጡ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። በኦሮምኛ ኦዳ፣ ሀርቡ፣ ቅልጡ የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። የኦዳ ክብር በሐረርጌ ምን ያህል እንደ ሆነ ኦዳ ቡልቱምን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጥላው ሥር ሕግ ይወጣ፣ ጠብ ይበርድ ነበር። በሃይማኖት መጻሕፍትም የዚህ ወገን ስም ከፍ ያለ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል፤ በቅዱስ ቁርአንም በበለስ ስም የተጠራ ምዕራፍ አለ።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን ወደ ሕንድ እንሂድ። ለድሬዳዋ ሰው ሕንድ ሩቅ አገር አይደለም። ባቡሩ በ1902 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ) እዚህ ሲደርስና ከተማይቱ ስትቆረቆር፣ ከዓረቡ፣ ከግሪኩና ከአርመኑ ጋር የሕንድ ነጋዴም አብሮ መጥቷል። በሕንድ ኡዱምባራ የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው እንደ እኛ ሾላ በግንዱና በወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ የሚያፈራ ሲሆን፣ ሊቃውንቱም ከሾላ ጋር በአንድ ክፍል መድበውታል፤ የሥጋ ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል።

አዩርቬዳ የተባለው የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ይህን ዛፍ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ቻራካና ሱሽሩታ በሚባሉት ጥንታውያን የሕክምና መጻሕፍት ተጠቅሷል። ቅርፊቱን ቀቅለው ቁስል ያጥቡበታል፤ አፍ ሲቆስል ይጉመጠመጡበታል፤ ላልበሰለው ፍሬና ለቅርፊቱ ተቅማጥን የማቆም ኃይል ይሰጡታል፤ ለስኳር በሽታም ያዙታል። «ፓንቻቫልካላ»፣ ማለትም «አምስቱ ቅርፊቶች» የሚሉት የቁስል መድኃኒት አላቸው፤ ከአምስቱ አራቱ ከዚሁ ከፊኩስ ወገን የሚገኙ ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስስ? የሾላና የዘመዶቹ ወተት ለጭርትና ለኪንታሮት ይቀባል፤ ቅርፊቱ ለቁስልና ለሆድ ሕመም ይውላል። ሁለት ሕዝቦች ባሕር ለይቷቸው ሳለ በአንድ ወገን ዛፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር ማግኘታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማስረጃ ነው ብዬ አልቸኩልም፤ ነገር ግን «ተመልከቱኝ» የሚል ምልክት ነው።

ሳይንስ ከፍቶ ሲመለከት ምን አገኘ? በቅርፊቱ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። የከረረ ሻይ አፍን የሚያኮማትረው፣ ቆዳ ፋቂም ቆዳ የሚያለፋበት ይኸው ነው። የቆሰለ ሥጋን ያኮማትራል፣ ያደርቃል፤ ስለዚህ ቅርፊቱን ለቁስልና ለተቅማጥ ማዋል መሠረት አለው። በወተቱ ውስጥ ደግሞ ፊሲን የተባለ ፕሮቲንን የሚፈጭ ንጥረ ነገር አለ፤ ኪንታሮትን የሚያሟሟው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የኡዱምባራ ቅርፊት ጭማቂም በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ተሞክሮ የደም ስኳርን ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ገጽ እንግለጥ። አይጥ ሰው አይደለችም። በአይጥ ላይ የታየውን ሰምቶ ኢንሱሊኑን ጥሎ ቅርፊት የሚቀቅል የስኳር ሕመምተኛ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም እንዲሁ ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ማለቁ ነው፤ ታኒን ደግሞ ውኃም ጨውም አይተካም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር የጨውና የስኳር ውሕዱ፣ ኦ.አር.ኤስ. የምንለው፣ ሳይሰጥ በቅርፊት ውኃ ብቻ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ የሚቀነስ ነው። ወተቱም ቢሆን የዋህ አይደለም። በበለስ ወተት ውስጥ ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ነገር ስላለ፣ ተቀብቶ ፀሐይ የመታው ቆዳ ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል። የእኛን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ።

ሌላው ችግር የስም ነው። አንዱ «ሾላ» የሚለውን ሌላው ባምባ ይለዋል፤ በአንድ ስምም ሁለት ዛፍ ይጠራል። በኦሮምኛ፣ በሱማልኛና በሐረሪ ደግሞ ሌላ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የየትኛው ዛፍ እንደ ሆነ ካልታወቀ መጠኑንም ጉዳቱንም ማወቅ አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት ማዕከል በ1959 መቋቋሙ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብም ከ1980 እስከ 2009 ተደክሞበት መጠናቀቁ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ በትክክል የታወቀ ዛፍ ላይ ብቻ ነው ጥናት የሚቆመው።

«እኛ ምን አቅም አለን?» የሚል ቢኖር፣ እንዶድን ላስታውሰው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ለእናቶቻችን ሳሙና የነበረው እንዶድ በላቦራቶሪ ተፈትኖ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱ ተረጋገጠ፤ ዶክተር አክሊሉም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። አጣቢዎቹ ዕውቀቱን በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ የጎደለው ወንዙ ዳር ቆሞ «ለምን?» የሚል ሰው ነበር።

የመድኃኒት አዋቂዎቻችን ምሥጢራቸውን መደበቃቸውን ብዙዎቻችን እንነቅፋለን። ነገር ግን ዕውቀቱ እንጀራቸው ነው፤ ወስዶ የሚጠቀምበት እንጂ ተመልሶ የሚያመሰግናቸው አላዩም። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። እኛም ወደ አዋቂዎቹ ስንሄድ እንደ ደቀ መዝሙር እንጂ እንደ ዘራፊ መሆን የለብንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የባዮሎጂና የጤና ተማሪዎች ተባብረን በደቻቱ ዳርቻ፣ በከዚራና በመጋላ ያሉትን የሾላ ወገን ዛፎች በየቋንቋው ስማቸው እንመዝግብ፤ ቅጠልና ፍሬያቸውንም አድርቀን ለሊቃውንቱ እናቅርብ። ሁለተኛ፣ ፈቃደኛ የሆኑትን አዋቂዎች ጠይቀን የነገሩንን በስማቸው እንጻፍላቸው፤ ይጻፍብን የማይሉትን እንተውላቸው። ሦስተኛ፣ ቅርፊት ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደሚደርቅ ለሰፈራችን እናስተምር። በዚህ ሙቀት ጥላው ራሱ መድኃኒት ነውና፣ ለአንድ ማሰሮ ቅርፊት ብለን የመቶ ሰው ጥላ አንግደል።

ፍሬውን ከፍተን እንይ። ነፍሳት ብናገኝበት አንደንግጥ፤ ፍሬው የሚያፈራው በእነርሱ ነውና።