በሾትገን ላይ የእጅ ባትሪ ስለ መግጠም
ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ ከግድብ፣ ከድልድይና ከሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በምሕንድስና ሙያ ውስጥ ትንሽ ዕቃ ትልቅ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የእጅ ባትሪን በጠመንጃ ላይ መግጠም ሲነገር ቀላል ነው፤ አንድ ማሰሪያ፣ ሁለት ብሎን፣ አንድ ማብሪያ ይበቃል ይባላል። ሲሠራ ግን የመካኒክ ጥያቄ፣ የኤሌክትሪክ ጥያቄ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ልጅ እጅና ዐይን እንዴት እንደሚሠሩ የማወቅ ጥያቄ ይሆናል። ለምሳሌነት የተመረጠው በአሜሪካ አገር በፖሊስ መኪናም ሆነ በግለሰብ ቤት በብዛት የሚገኘው፣ የፊት እጀታው እየተሳበ የሚቀባበለው ሾትገን ነው።

መሣሪያውና ፍላጎቱ

ሾትገን ብዙውን ጊዜ እንደ ተራ ጠመንጃ አንድ አረር ሳይሆን በርካታ የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ የሚበትን መሣሪያ ነው። በሰፊው የታወቀው የ12 ቁጥር ሾትገን ስያሜውን ያገኘው ከአሮጌ ልኬት ነው፤ በቱቦው ልክ የተሠሩ 12 የእርሳስ ድቡልቡሎች በጠቅላላው አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው። የቱቦው ውስጣዊ ስፋትም 18.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1897 ሞዴል ዊንቸስተር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ አገልግሎአል። ሬሚንግተን 870 የሚባለው ደግሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ተነሥቶ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተመርቶአል።

ሽጉጥ የያዘ ሰው በአንድ እጁ ሽጉጡን፣ በሌላው ባትሪውን ሊይዝ ይችላል። ሾትገን ግን ሁለቱንም እጆች ይጠይቃል፤ ቀኙ ሰደፉንና ቃታውን፣ ግራው የፊት እጀታውን ይዞ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳበ ያቀባብላል። ስለዚህ በጨለማ ለባትሪ የሚተርፍ እጅ የለም። ባትሪውን ከመሣሪያው ጋር የማሰር ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ችግር ነው። ሐሳቡ በሌሎች መሣሪያዎችም ላይ ተሠርቶበታል፤ በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. በለንደን በኢራን ኤምባሲ ታግተው የነበሩትን ሰዎች ለማስለቀቅ የገቡት የብሪታንያ ወታደሮች በአንዳንድ አጫጭር አውቶማቲክ መሣሪያዎቻቸው ላይ ባትሪ ገጥመው ነበር።

ማሰሪያው የሚሸከመው ኃይል

ዘጠኝ ትልልቅ ፍሬዎችን የያዘ የ12 ቁጥር ጥይት ቢወሰድ፣ ፍሬዎቹ በጠቅላላው ወደ 31 ግራም ይመዝናሉ፤ አፈሙዙን ሲለቁም ፍጥነታቸው በሰከንድ 400 ሜትር ያህል ነው። አብሮ የሚወጣው መክደኛና የባሩዱ ድርሻ ሲጨመር፣ የትከሻም መቋቋም ለጊዜው ሲተው፣ 3.3 ኪሎግራም የሚመዝን ጠመንጃ በዚያችው ቅጽበት በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ፍጥነት ወደ ኋላ ይረግጣል። ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ፍሬዎቹ በቱቦው ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ሺኛ ሁለት ተኩል በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ሲሰላ አማካዩ ፍጥንጥነት የምድር ስበት ከሚሰጠው 170 ጊዜ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ 200 ግራም የሚመዝን ባትሪ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ወደ ኋላ እንዲሄድ ማሰሪያው 340 ኒውተን ያህል፣ ይኸውም 35 ኪሎግራም ጭነት የሚያህል ኃይል ሊያስተላልፍ ይገባዋል። ይህም አማካዩ ብቻ ነው። የባሩዱ ግፊት ገና ከጅምሩ ጣሪያ ስለሚደርስ ከፍተኛው ኃይል የአማካዩ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እጥፉ ብቻ፣ ማለትም 680 ኒውተን ይወሰድ። ማሰሪያው በሁለት ገጽ ቢጨብጥና የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ መጨበጫው ኃይል 1,700 ኒውተን መሆን አለበት። አንድ ባለ 4 ሚሊሜትር ብሎን በ1.5 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ የሚሰጠው ወደ 1,900 ኒውተን ነው። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል። ጠመንጃ ደግሞ ዘይት የሚቀባ ዕቃ ነው፤ ሰበቃው በዘይት ምክንያት በግማሽ ቢቀንስ የሚያስፈልገው ኃይል 3,400 ኒውተን ይደርሳል፤ ባትሪውም በየተኩሱ ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል።

ከዚህም የተነሣ ጥሩ ንድፍ በሰበቃ ብቻ አይታመንም። የአሜሪካ ጦር በ1995 እ.ኤ.አ. ደረጃውን የወሰነለት ባለ ጥርስ ሐዲድ ይህን ያስረዳል። በሐዲዱ ላይ በ10 ሚሊሜትር ገደማ ልዩነት ቦዮች ተቈርጠዋል፤ የማሰሪያው አግዳሚ ብሎን በአንዱ ቦይ ውስጥ ስለሚቀመጥ የርግጫው ኃይል በብረት ጥርስ ላይ ያርፋል። ብሎኑ የሚቀርለት ተግባር ጥርሱ ከቦዩ እንዳይወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ብሎኑን በማጣበቂያ ፈሳሽ ማሰርና በራሱና በአካሉ ላይ የሚያልፍ አንድ የቀለም መስመር ማስመር ደግሞ ዋጋው እምብዛም የሆነ ጥንቃቄ ነው፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ መላላቱ በዐይን ይታወቃል።

በቆመው ወይስ በሚሄደው ክፍል?

የዚህ ዐይነቱ ሾትገን ልዩ ችግር የፊት እጀታው ተንቀሳቃሽ መሆኑ ነው። እጀታው በየጊዜው 10 ሴንቲሜትር ያህል ይመላለሳል። ባትሪው በቱቦው ላይ፣ ማብሪያው ደግሞ በእጀታው ላይ ቢሆንና ሁለቱ በሽቦ ቢገናኙ፣ ሽቦው በየማቀባበሉ ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮም ይበጠሳል ወይም በአንድ ነገር ላይ ይያዛል። ስለዚህ ባትሪውና ማብሪያው በአንድ ወገን መሆን አለባቸው።

ሁለቱም በቆመው የጥይት መያዣ ቱቦ ላይ ቢታሰሩ አሠራሩ ጠንካራና ርካሽ ይሆናል። ሆኖም እጅ እጀታውን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ ከማብሪያው ይለያል። ተጭኖ በመያዝ ብቻ የሚበራ መብራት ከሆነ፣ ሰውዬው ማየት በሚያስፈልገው ቅጽበት ጨለማ ይውጠዋል። ሁለቱም በእጀታው ውስጥ ቢሠሩ ግን ጣት ከማብሪያው አይለይም። በዚህ ጊዜ የሚጨመረው ዕዳ ሌላ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ይከብዳል፣ መብራቱ ከርግጫው በተጨማሪ እጀታው በሁለቱም ጫፍ በሚቆምበት ጊዜ የሚፈጠረውን ምት ይቀበላል። እጀታው ጥቂት መወላወሉ ያን ያህል አይጎዳም። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በ10 ሜትር ርቀት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከብርሃኑ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ድንጋዩና አምፖሉ

በቀድሞው አምፖል ውስጥ የሚነደው የተንግስተን ክር ሲግል ይለሰልሳል፤ በዚያው ሁኔታ ሲመታ ይበጠሳል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች አምፖሉን በላስቲክና በሞላ ያንጠለጥሉት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዳዮድ ለገበያ በቅቶ ነጭ ብርሃን ከተገኘበት ወዲህ የሚበጠስ ክር አልቀረም፤ ለዚህ ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። በክር አምፖል ዘመን 60 ሉመን ብርቱ ብርሃን ይባል ነበር፤ ዛሬ 1,000 ሉመን የሚሰጥ መብራት በመዳፍ ውስጥ ይገባል።

የባትሪ ድንጋዩ ግን አሁንም ክብደት አለው። ሁለት ትንንሽ የሊቲየም ድንጋዮች 34 ግራም ያህል ስለሚመዝኑ፣ በተባለው ፍጥንጥነት ወደ 58 ኒውተን በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይገፋሉ። ሞላው ደካማ ከሆነ ከበስተኋላቸው ያለው ግንኙነት ለቅጽበት ይቋረጣል። ተራ መብራት ቢሆን ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ማብሪያው በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ከሆነ ግን ከዚያ ቅጽበት በኋላ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። መድኀኒቱ በሁለቱም ጫፍ ብርቱ ሞላ ማድረግና ንድፉን በተኩስ መፈተን ነው።

ማብሪያውና ቃታው

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ በስሌትና በጥሩ ብረት ይፈታል። የሚቀጥለው ግን በብረት አይፈታም። ባትሪ የሚያገለግለው ያልታወቀውን ለማወቅ ነው፤ ጠመንጃ የሚያገለግለው ማንነቱ በታወቀ ዒላማ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲታሰሩ፣ ለማየት የፈለገ ሁሉ የጎረሰ አፈሙዝ በሚያየው ነገር ላይ ለማነጣጠር ይገደዳል። በሌሊት ኮቴ ሰምቶ የተነሣ አባወራ በመተላለፊያው የሚያገኘው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ውሃ ሊጠጣ የተነሣ ልጁ ሊሆን ይችላል።

አደጋው በሐሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ግዛት በፕላኖ ከተማ አንድ ፖሊስ በሽጉጡ ላይ የተገጠመውን መብራት ሊያበራ ሲል ቃታውን ስቦ አንድ ሰው ሞቶአል። በዚያ መሣሪያ ማብሪያው ከቃታው በታች በእጀታው ላይ ስለ ነበረ አንዱ እጅ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። በሾትገን ላይ ማብሪያው በግራ፣ ቃታው በቀኝ ስለሆነ ርቀቱ ይበልጣል። ነገር ግን መለያየቱ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የጡንቻ ሥነ ሕይወት ሊቅ የሆኑት ሮጀር ኢኖካ በ2003 እ.ኤ.አ. ሳይታሰብ የሚተኮስ ጥይትን በሚመለከት ባወጡት ጽሑፍ ሦስት መንሥኤዎችን ዘርዝረዋል፤ አንዱ እጅ በኃይል ሲጨብጥ ሌላው እጅ ሳይታዘዝ መኮማተሩ፣ ሰውነት ሚዛኑን ሲስትና ድንገተኛ ድንጋጤ ናቸው። ሾትገን የያዘ ሰው በግራ እጁ ማብሪያውን አጥብቆ በሚጫንበት ጊዜ ቀኝ ጣቱ በቃታው ላይ ካረፈ የመጀመሪያው መንሥኤ ተሟላ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጡት የንድፍ ውሳኔዎች ግልጽ ናቸው። ማብሪያው በቀላል ጭነት የሚሠራ እንጂ ጭብጥ የሚጠይቅ መሆን የለበትም። ያለ ፈቃድ በሚበራበት ቦታ፣ ለምሳሌ እጀታውን ለመሳብ መዳፍ በሚያርፍበት ስፍራ፣ መቀመጥ የለበትም። ተጭኖ ማብራትና አብርቶ መተው ሁለት የተለያዩ ቍልፎች ቢሆኑ ይመረጣል። በስተመጨረሻም የመብራቱ ብርታት የአያያዙን ልማድ ሊለውጥ ይገባል፤ 1,000 ሉመን የሚሰጥ ባትሪ አፈሙዙ ወደ ወለል ዘንበል ብሎ ሳለ ከወለሉ በሚመለሰው ብርሃን ብቻ ተራ ክፍልን ያሳያል። በዚህ አያያዝ ሰውን ለመለየት በሰው ላይ ማነጣጠር አያስፈልግም፤ ጣትም ከቃታው ውጭ ይቈያል። ለፍለጋ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ሁለተኛ ባትሪ ሊኖር ይገባል፤ በጠመንጃው ላይ ያለው ሊተካው አይችልም።

ማጠቃለያ

በዚህ ሥራ የሚደክመው መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ ብሎኑን፣ ሞላውንና ድንጋዩን አሟልቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በአንድ መሣሪያ ላይ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሲገጠም ግን የሚለወጠው የመሣሪያው ክብደት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው የሚሠራው ሥራም ይለወጣል። ባትሪው ከመታሰሩ በፊት ማየትና ማነጣጠር ሁለት ሥራዎች ነበሩ፤ ከታሰረ በኋላ አንድ ሆነዋል። ይህን ለውጥ የሚያሳይ መስመር በሠራተኛ ሥዕል ላይ አይገኝም። ስለሆነም በእንዲህ ያለ ዕቃ ንድፍ ላይ ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ ከጥንካሬው ስሌት ጋር የአጠቃቀሙን መመሪያ፣ የማብሪያውን አቀማመጥና የተጠቃሚውን ሥልጠና የሥራው አካል አድርጎ ሊያቀርብ ይገባዋል። ማሰሪያው ባትሪውን በሺህ ተኩስ ሳያላላ ቢይዝ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በጨለማ ውስጥ ያልታወቀን ሰው በአንዲት የጣት ስሕተት የሚያስገድል ከሆነ፣ ጥንካሬው ብቻውን የንድፉን ድክመት አያካክስም።