የላንጎለን ሁለቱ እመቤቶች



በሰሜን ዌልስ ላንጎለን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። መሐንዲሶች ስሟን የሚያውቁት በአቅራቢያዋ ባለው የፖንትከሰልተ የውኃ ድልድይ ነው፤ ይኸውም ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ በ1805 ያስመረቁት፣ ጀልባን 38 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የብረት ገንዳ ላይ የሚያሳልፈው ሥራ ነው። በዚያው ዘመን ግን መንገደኛው ሁሉ ከተማይቱን የሚያነሣት በአንድ ጎጆ አምሳ ዓመት ያህል አብረው በኖሩ የሁለት ሴቶች ፍቅር ምክንያት ነበር። የዛሬው ንግግር ርእስም ይኸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሌኖር በትለርና ሣራ ፖንሰንቢ ሁለቱም ከአየርላንድ ባላባቶች ወገን ነበሩ። የአንድ አገር ሰዎች መባላቸው ግን ሊያታልል አይገባም። የበትለር ዘር ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአየርላንድ የተተከለ ሲሆን የኤሌኖር ቤተሰብ በካቶሊክነቱ የጸና ነበር። የፖንሰንቢ ቤት ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ከክሮምዌል ጦር ጋር የመጣ ፕሮቴስታንት ነው። የዘመኑ ሕግ ካቶሊኩን ከፓርላማ ወንበርና ከመንግሥት ሹመት ያገደው፣ መሬት እንዳይገዛም የከለከለው ሲሆን፣ ከዚህ ሕግ ተጠቃሚው ደግሞ የነሣራ ወገን ነበር። የኤሌኖር ወንድም በ1764 ወደ ፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን ተሻግሯል። እርሷ ግን በፈረንሳይ አገር በካምብሬ ገዳም የተማረች፣ መጽሐፍ ወዳድና አንደበቷ የሠላ ሴት ነበረች።

በ1778 ሁለቱም መውጫ አጡ። ኤሌኖር ወደ አርባ ዓመት ተጠግታ ባል ባለማግባቷ ቤተሰቧ ወደ ገዳም ሊመልሳት አሰበ። ወላጆቿ የሞቱባት ሣራ ደግሞ በተጠጋችበት ቤት ጌታው፣ ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ ዓይኑን ጣለባት። በመጋቢት ወር መጨረሻ አንድ ሌሊት የወንድ ልብስ ለብሰው፣ ሽጉጥና አንዲት ትንሽ ውሻ ይዘው፣ መርከብ ለመሳፈር ወደ ዋተርፎርድ ገሠገሡ፤ ነገር ግን ተያዙ። ዘመዶቻቸው ከሁሉ አስቀድመው ያጣሩት ከነገሩ ወንድ እንዳለበት ነበር። እንደሌለበት ሲረዱ ክብራቸው ያልተነካ መስሏቸው ተጽናኑ። የዚያ ዘመን ሰው የሁለት ሴቶችን መዋደድ ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው የሚፈራውን እንኳ በትክክል አላወቀም ማለት ይቻላል።

በሃይማኖትም በፖለቲካም የማይገናኙት ሁለቱ ቤቶች እነርሱን በመለያየት ረገድ ግን ተስማሙ። ይሁንና ኤሌኖር ዳግመኛ ጠፍታ ሣራ ወደ ነበረችበት ቤት ገባችና በክፍሏ ተደበቀች። ምግብ በምሥጢር ያቀበለቻት ሜሪ ካሪል የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። ልመናውም ቁጣውም ሳይበግራቸው ቀረ፤ በግንቦት ወር ሦስቱ ሴቶች ባሕሩን ተሻገሩ።

ከ1780 ጀምሮ በላንጎለን ፕላስ ነውዝ ብለው የሰየሙትን ቤት ተከራይተው ኖሩ። ኑሮው ግን በተረት እንደሚነገረው የተድላ አልነበረም። ቤተሰቦቻቸው በኃይል ያልቻሉትን በገንዘብ ሞከሩት ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የሚላከው ቀለብ ጥቂት ነበር፣ ይዘገይም ነበር፣ ዕዳውም አልተለያቸውም። ኋላ ንጉሡ ጡረታ ቆረጠላቸው። በ1790 አንድ የለንደን ጋዜጣ ስማቸውን በሚያሳማ መንገድ ሲያወጣ ለመክሰስ አስበው ኤድመንድ በርክን አማከሩ፤ እርሱም ከክሱ ትተው ዝም እንዲሉ መከራቸው። ሕግ የማያውቀውን ትዳር በሕግ ፊት ማስከበር እንዴት ይቻላል?

ያስከበራቸው የለንደንና የደብሊን መንገደኛ ነው። ወደ ሆሊሄድ ወደብ የሚወስደው ጎዳና በከተማይቱ ስለሚያልፍ ዎርድስዎርዝ፣ ዎልተር ስኮትና የዌሊንግተኑ መስፍን ሳይቀሩ ደጃቸውን ረግጠዋል። በ1822 የዮርክሻየሯ አን ሊስተር፣ ሴቶችን አፍቃሪ መሆኗን በማስታወሻዋ በምሥጢር ፊደል የጻፈችው፣ ሣራን አነጋግራ ተመልሳለች፤ ፍቅራቸው ከወዳጅነት ያለፈ መሆኑንም ጠርጥራለች። የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ። ሆኖም በአንድ አልጋ የተኙ፣ በዕቃቸው ላይ የሁለቱን ስም ፊደላት አጣምረው ያስቀረጹ፣ አንደኛዋ በዕለት ማስታወሻዋ ሌላይቱን ዘወትር ውዴ እያለች የምትጠራ ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት ቢሆኑ ኖሮ ማንም ማስረጃ ባልጠየቃቸው ነበር።

ሜሪ ካሪል በ1809 ስትሞት ከደመወዟ አጠራቅማ የገዛችውን መሬት ለሣራ ተናዘዘች። ከሀብታሞቹ ቤቶች ያልተገኘው ከአገልጋይቱ ተገኘ። ኤሌኖር በ1829፣ ሣራ በ1831 አረፉ። ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ሜሪን ጨምሮ ሦስቱ የተቀበሩበት ባለ ሦስት ገጽ ሐውልት ቆሟል።