የኬሚስቱ የዝንብ ሣጥን

በየማዕድ ቤታችሁ በሚገኘው ጨው ውስጥ ክሎሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ለብቻው ተነጥሎ ሲወጣ ዐይንን የሚያቃጥልና ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ነው፤ ከሶዲየም ጋራ ተዋሕዶ ጨው ሲሆን ግን ወጣችንን ያጣፍጣል። እርሱና ወንድሞቹ ፍሎሪን፥ ብሮሚንና አዮዲን ሃሎጅን ተብለው ይጠራሉ፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው ጨው ወላጅ ማለት ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እነዚህን ከካርቦን ጋራ እያዋሐዱ ልዩ ልዩ አዳዲስ ነገሮችን ይሠራሉ። ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ከነዚህ ሊቃውንት አንዱን፥ የስዊስ ተወላጁን ፓውል ሙለርን ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

ሙለር በ1925 ዓ.ም. በባዝል ከተማ በጋይጊ ኩባንያ ሥራ ገባ። ከዓመታት በኋላም የተባይ ማጥፊያ ይፈልግ ጀመር። የሚፈልገው መድኃኒት ተባዩን በመንካት ብቻ የሚገድል፥ ለሰውና ለተክል ጉዳቱ ያነሰ፥ ሽታ የሌለው፥ ዋጋው የረከሰ፥ ደግሞም ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆይ ነበር። ይህን መጨረሻውን ልብ በሉልን፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በርሱ ላይ ነውና።

በቤንዞል ላይ (ይኸውም ለመኪና የምንገዛው ቤንዚን አይደለም) ጥቂት ብረት ጨምረው ክሎሪን ቢለቁበት፥ ከስድስቱ የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ይወጣና ክሎሪን በቦታው ይገባል። አልኮልም በበኩሉ ክሎሪን ሲለቀቅበት ክሎራል የሚባለው ነገር ይገኛል። ከፊተኛው ሁለት ሞለኪውል ከአንድ ሞለኪውል ክሎራል ጋራ በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት ሲጋጠም ነጭ ዱቄት ይሆናል። አምስት የክሎሪን አቶሞች ያሉበት ይህ ዱቄት ዲዲቲ ነው። ኦትማር ሳይድለር የተባለ ተማሪ በ1874 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ተባይ መግደሉን የመረመረ ሰው ስላልነበረ 65 ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

ሙለር በመቶ የሚቆጠሩ ውሁዶችን ሠርቶ ሞክሮ ምንም ካጣ በኋላ፥ በ1939 ዓ.ም. ይህን ዱቄት በዝንብ ሣጥኑ ውስጥ ፈተነው። ዝንቦቹ ረገፉ። ሣጥኑን በሚገባ አጥቦ መድኃኒት ያልተረጨባቸው ሌሎች ዝንቦች ቢያስገባም፥ ግድግዳውን እንደ ነኩ እነርሱም ወደቁ። ሥራውን ለመቀጠል ሣጥኑን ፈታትቶና አጽድቶ አንድ ወር ያህል በነፋስ ላይ መተው ግድ ሆነበት። የዱቄቱ ታሪክ፥ በጎውም ክፉውም፥ በዚያ ሣጥን ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1943ና በ1944 ዓ.ም. መካከል በነበረው ክረምት ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦ በኔፕልስ ሲነሣ ዱቄቱ በሕዝቡ ልብስ ላይ እየተነፋ ወረርሽኙ ተገታ። ሙለርም ሐኪም ሳይሆን በ1948 ዓ.ም. የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአገራችን በ1958 ዓ.ም. በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በሚከተለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ረጪዎችም ፓምፕ ተሸክመው በየመንደሩ ዞሩ። ደም የጠጣች ትንኝ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ፥ አንድ ጊዜ የተረጨ ቤት ለወራት ይጠብቃት ነበር።

ዳሩ ግን በግድግዳ ላይ የቆየው በአፈርም ውስጥ ይቆያል። ካርቦንና ክሎሪን በጽኑ የተሳሰሩ ስለ ሆኑ ተዋስያን ቶሎ አይፈቷቸውም፤ ዱቄቱም በውሃ ሳይሆን በስብ ስለሚሟሟ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፥ ከትልቁም ወደ ወፉ እያለ ይጠራቀማል። የንስርና የጭልፊት ዕንቁላል ቅርፊቱ ሳስቶ በእናቱ ሥር ይሰበር ጀመር። ራሔል ካርሰን በ1962 ዓ.ም. ይህን መርዝ የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጣች፤ አሜሪካም በ1972 ዓ.ም. በእርሻ ላይ ከለከለችው። የ2001 ዓ.ም. የስቶክሆልም ስምምነት ግን እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፉ ተባዮችን ለመከላከል መንገድ ትቶለታል።

የእንግሊዙ ኬሚስት ማይክል ኤልየት ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ፓይሬትረም ከሚባለው አበባ የሚገኘው መርዝ ተባይ ይገድላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ታጠፋዋለች። ኤልየት በ1970ዎቹ ዓመታት፥ ለብርሃን ደካማ በሆነው ክፍሉ ክሎሪን፥ በሌላም ጊዜ ብሮሚን ተካበት። አዲሱ ውሁድ ፀሐይን ቢችልም በአፈር ውስጥ ግን ይፈርሳል። ብሮሚን ያለበት ዴልታሜትሪን ዛሬ በብዙ የወባ አጎበር ላይ ይገኛል። ለዓሣ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ፥ አጎበሩን በወንዝና በኩሬ ሳይሆን በሳፋ ማጠብ፥ እጣቢውንም ከውሃ ርቆ መድፋት ያስፈልጋል።