ጉቶ ስናደርቅ ጤነኛውን ዛፍ እንዳንገድል



የዛሬው ንግግራችን ስለ ባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የጓሮ ቡናችንን፣ የበርበሬ ማሳችንን፣ ከጎረቤት ጋር ያለንንም ሰላም ይነካልና በጥሞና እንየው።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ገጠር በየመንደሩ እናየዋለን። ቤት ሠርተንበታል፤ አጥር አጥረንበታል፤ ሸጠን ልብስና ማዳበሪያ ገዝተንበታል። ሆኖም ብዙ ውሃ ይጠጣል። በአጠገቡ የተዘራ እህልም ይቀጭጫል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ዛፉን ቆርጠን መሬቱን ወደ በቆሎና ወደ ስንዴ መመለስ እንፈልጋለን።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ስለተቆረጠ ብቻ አይሞትም። ጉቶው ያቆጠቁጣል። አንድ ግንድ ቆርጠን ስንመለስ ብዙ ቀንበጥ ይዞ ይጠብቀናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአረም መድኃኒት ገዝተን ጉቶው ላይ ብናፈስበት ድካም የሚቀንስ ይመስለናል። ነገር ግን መድኃኒት እንለዋለን እንጂ መርዝ ነው። መርዝ ደግሞ ድንበር አያውቅም።

ብዙዎቻችን ራውንድ አፕ የምንለው ግላይፎሴት፣ ካረፈበት አረንጓዴ ተክል አብዛኛውን ይገድላል። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ደግሞ ጤፍንና ስንዴን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ያጠቃል። በርበሬ ሰፊ ቅጠል ነው። ባቄላ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ዋንዛና ብሳናም እንዲሁ።

መርዙ ከጉቶው ተነሥቶ ወደ ጤነኛው ተክል የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ነፋስ ነው። በመርጫ ስንረጭ ደቃቁ ጠብታ በነፋስ ይሄዳል። ቱ ፎር ዲ ከሆነ፣ አንዳንዱ ዓይነት ፀሐይ ሲበረታበት እንደ እንፋሎት ተነሥቶ ይሄዳል። በርበሬ ላይ ካረፈ ቅጠሉ ይጠማዘዛል፤ አበባው ይረግፋል። ግላይፎሴት ከሆነ ደግሞ ገና አረንጓዴ በሆነው በችግኝ ቅርፊት በኩል እንኳ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ውሃና አፈር ነው። አንዳንዱ መርዝ ከአፈር ጋር ቶሎ ይጣበቃል። አንዳንዱ ግን አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ወደ ታችኛው ማሳና ወደ ምንጭ ሊወርድ ይችላል። የሌላ ዛፍ ሥርም ከአፈሩ ሊጠጣው ይችላል።

ሦስተኛው ከዓይናችን የተሰወረ ነው። እሱም ሥር ነው። ዓይነታቸው አንድ የሆነ ዛፎች ተቀራርበው ሲያድጉ፣ ሥራቸው ከመሬት በታች ሊጋጠምና እንደ አንድ አካል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በአንዱ ጉቶ ላይ የቀባነው መርዝ በሥር በኩል አልፎ ቆሞ ያለውን ዛፍ ያደርቃል። ከአንድ ጉቶ ሦስት ቀንበጥ አሳድገን አንዱን ቆርጠን ብንቀባም፣ ሦስቱም የሚጠጡት ከአንድ ሥር ነውና ሁሉም ይጎዳሉ።

እስቲ እናስበው። አንዱ ገበሬ በወሰኑ ላይ ባለ ጉቶ መርዝ አፈሰሰ እንበል። ከወሰኑ ማዶ የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጎረቤቱ ዛፍ ቅጠሉን አረገፈ። ጎረቤቱ «ሆን ብለህ ነው» ይላል። ያኛው «ኧረ እኔ አልነካሁም» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሥሩን ግን ማንም አላየውም። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ዛፉ ግን በእርቅ አይለመልምም።

እንግዲህ ጉቶውን ያለ መርዝ ማጥፋት ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል። ትንሹን ጉቶ በዶማና በመጥረቢያ ሥሩን እየቆረጥን እንንቀለው። ለማገዶም ይሆነናል። ትልቁን በደቦ እናውጣው። ለመንቀል ካልተቻለ፣ ቀንበጡ ገና ለጋ ሳለ ደጋግመን እንገንጥለው። ቀንበጥ የሚያድገው ሥሩ ባጠራቀመው ምግብ ነው። ቅጠሉ ሥሩን መልሶ ሳይመግብ ከገነጠልነው፣ ሥሩ ምግቡን ጨርሶ ይደክማል። ሥራው ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ቡናችንንም ጎረቤታችንንም አያስቀይምም።

በመርዝ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ ከጠፋ ግን፣ አስቀድመን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ። ለጉቶ ተብሎ ያልተዘጋጀውን አንጠቀም። አንርጭ፤ በቡሩሽ እንቀባ። የምንቀባውም ዛፉ እንደተቆረጠ ወዲያው፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው እርጥብ ቀለበት ላይ ብቻ ነው። ነፋስ ባለበት፣ ዝናብ በቀረበበት፣ ምንጭ ባለበት አንቀባ። ልናቆየው የምንፈልገው ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ካለ፣ መርዙን ትተን ዶማውን እናንሣ። እጃችንን በጓንት እንሸፍን። ልጆችን አናስጠጋ። ባዶውን ዕቃ ለውሃም ሆነ ለጠላ ፈጽሞ አንጠቀምበት፤ ሰው ይገድላልና።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይና ፀረ አረም መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ደንግጓል። ስለዚህ ስሙ በማይታወቅ ጠርሙስ የተቀዳ መርዝ ከገበያ አንግዛ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ስሙ ማን ነው? ለምን ይሆናል? መጠኑ ስንት ነው? ጊዜው አልፏል ወይ? ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ የሚያነብልን ሰው ሳናገኝ አንክፈተው። ትናንት ሻጩ የነገረንን ብቻ ይዘን እንመለስ ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥረናል። ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ እጃችን የያዘውን ለማወቅም ነው።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀማል። የፈሰሰ መርዝ ግን አይለቀምም። ጉቶውን በትዕግሥት እናጥፋ፤ ጤነኛውን ዛፍ ለልጆቻችን እናቆይ።