አሮጌ አውቶሞቢልን ለምጽዋት ስለ መስጠት
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ 50ኛው ዓመት ሲደርስ ቀንደ መለከት የሚነፋበት፣ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት፣ በድኽነት ምክንያት ራሱን የሸጠ ሰው አርነት ወጥቶ ወደ ወገኑ የሚሄድበት ዘመን ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ስጦታ ከሌላው ጊዜ ስጦታ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። ሸክም በሚወርድበት ቀን አዲስ ሸክም ማምጣት ከበዓሉ ትርጓሜ ጋር አይስማማምና።

በቢቸናና በሞጣ አገር ለደብር ሲሰጥ የኖረው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ መጋረጃ፣ ባለጸጋም ሲሆን በሬና በቅሎ ነው። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖር የአገር ተወላጅ አዲስ መኪና በገዛ ጊዜ አሮጌይቱን ለበጎ አድራጎት ለመስጠት የሚያስብበት ዘመን መጥቷል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም አሳብ በመልካም ሥርዓት ካልተፈጸመ ሰጪውን ዋጋውን፣ ተቀባዩንም ሰላሙን ያሳጣዋል።

ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ሃይብሪድ የሚባሉት ሰፋፊ የቤተ ሰብ መኪናዎች ይገኛሉ። ሃይብሪድ ማለት ሁለት ኃይል ያላት ማለት ነው፤ ይኸውም የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ፎርድ ኤስኬፕን፣ በ2005 ደግሞ ቶዮታ ሃይላንደርን በዚህ ዐይነት አድርገው ለገበያ አወጡ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ዛሬ 20 ዓመት አልፏቸዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም መኪናዪቱ ቁልቁለት ስትወርድ በከንቱ ይጠፋ የነበረው ኃይል ወደ ትልቁ ባትሪ ይመለሳል፤ በዚያም ኃይል ስለምትረዳ ቤንዚን ትቆጥባለች። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው።

ነገር ግን የዚህች መኪና ጕልበትም ድካምም ያለው በዚያው ባትሪ ነው። ባትሪው ከ200 ቮልት በላይ ኃይል ስላለው ሥራውን ያልተማረ መካኒክ ሊነካው አይገባም፤ ነፍስ ያጠፋልና። በዕድሜና በሙቀትም ይደክማል። በብዙዎቹ ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከመኪናዪቱ ውስጥ አየር በሚስብ ማራገቢያ ነው፤ የአየሩ መግቢያ በአቧራ ሲደፈን ባትሪው እየጋለ ያልቃል። አሮጌይቱን የቤንዚን መኪና ባትሪዋ ሲሞት ጎረምሶች ገፍተው ያስነሷታል። እንዲህ ያለችው ሃይብሪድ ግን ትልቁ ባትሪዋ ከሞተ ቤንዚኑ ሞልቶ ሳለ እንኳ በመግፋት አትነሣም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ አገራችን መንገድ እናምጣው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄደው ዋና መንገድ አለ። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ወዳሉት አጥቢያዎች የሚያስገባው ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ምጥ የጸናባት ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ መኪናዪቱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ብትቆም፣ በአቅራቢያዋም የሚያውቃት መካኒክ ባይገኝ፣ ያ ስጦታ ለማን ጠቀመ? መኪናዪቱ ባትኖር ኖሮ ጎረቤቱ ቃሬዛውን አዘጋጅቶ፣ ተሸካሚው ተለዋውጦ ገና በማታ ይነሣ ነበር። መኪና አለች ብሎ ቃሬዛውን የተወ ሰው ግን ሁለቱንም አጣ። ክፉ ስጦታ ከሚጎድለው ይልቅ የሚያስቀረው ይብሳል።

ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩን፣ አንካሳውንና የታመመውን እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያመጡትን ሰዎች በጽኑ ነቅፏቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ለምድራዊ ገዥ ቢያቀርቡት ደስ ይለው እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ዳዊትም በኦርና አውድማ ላይ መሠዊያ ሊሠራ በወጣ ጊዜ ስፍራውንና በሬዎቹን በነጻ ቢሰጡት እንቢ ብሎ በዋጋ ገዛቸው፤ ያልደከመበትን ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልወደደምና። ይህ ማለት አሮጌ ነገር አይሰጥ ማለት አይደለም። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም በሙዳየ ምጽዋት ከገባው ሁሉ ያነሰ ሳለ ከሁሉ በለጠ። የእርሷ ገንዘብ ጥቂት ነበር እንጂ ነውር የተሰወረበት አልነበረም። እንዲሁም መኪናዪቱ ብታረጅ ነውር አይደለም፤ እርጅናዋን ሰውሮ መስጠት ግን ነውር ነው።

በወንጌል ስለ ተጓዥ ምጽዋት ከተነገረው ሁሉ ለዚህ ነገር የሚቀርበው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን በገዛ አህያው ላይ ጫነው። በዚያ ቢያቆም ኖሮ እንኳ ምስጋና በተገባው ነበር። እርሱ ግን ዘይትና ወይን በቁስሉ ላይ አፈሰሰ፣ እስከ ማደሪያው ድረስ አብሮት ሄደ፣ በማግሥቱም ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ቢያወጣም ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባ። አህያው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አልነበረችም። መኪና የሚሰጥ ሰውም ቁልፉን ባስረከበ ጊዜ ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። ደግሞም ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ወገኑን አልጠየቀውም። ስለዚህ በምጽዋት የተገኘች መኪና ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሕመምተኛ አንድ አድርጋ ልትጭን ይገባታል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ከሞጣ አገር ሩቅ ሳይሆን ይገኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን በዐባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ በመሰበሩ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ ሰውም ለብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር የተሰበረውን ክፍል በብረት ቀጠለው። በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው። ያን ጊዜ ሰጪዎቹ እኛ ድርሻችንን አድርገናል ብለው አልተቀመጡም፤ ተመልሰው መጡ፤ በ2009ም በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ፊተኛው ስጦታ በቅን ልብ ተሰጠ፤ ኋለኛው ግን በቅን ልብ ላይ የወንዙ ልክ ተጨመረበት።

እንግዲህ በባሕር ማዶ የሚኖረው ወንድም ምን ያድርግ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜዋ የሚከብድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አሮጌይቱን በመርከብ ለማምጣት መድከም ብዙ ጊዜ ገንዘብን ወደ ባሕር መጣል ይሆናል። በርናባስ እርሻውን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ እንጂ እርሻውን አላመጣላቸውም። ሰውየውም በዚያው በሚኖርበት አገር መኪናዪቱን ሸጦ ዋጋዋን ቢልክ፣ ወይም በዚያው ላለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቢሰጣት ምጽዋቱ አይጎድልበትም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ፣ ከ500 ዶላር በላይ የሆነች መኪና ለሰጠ ሰው ከግብር የሚታሰብለት ብዙውን ጊዜ ማኅበሩ በሸጠበት ዋጋ ልክ ነው እንጂ እርሱ በገመተው አይደለም። ምድራዊው ሕግ ስጦታን በፍሬው ከመዘነ፣ ሰማያዊው ዳኛ እንዴት አይመዝን?

በአገር ውስጥ ያለው ሰጪ ደግሞ አስቀድሞ ባትሪዋን በባለሙያ ያስመርምር፤ ጉድለቷንም ጽፎ ይስጥ። ቀረጧ የተከፈለ መሆኑን አረጋግጦ ስመ ሀብቱን ለደብሩ ያዙር፤ በሰው ስም የቀረች መኪና ሰጪው ባረፈ ጊዜ ደብሩን ከወራሾች ጋር ታጣላለችና። ቢችል የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ፣ ጎማና የሹፌር ደመወዝ ይጨምርባት፤ እነዚህ የሳምራዊው ሁለት ዲናር ናቸው። መኪናዪቱ የሞጣን መንገድ የማትችል ብትሆን መካኒኳ በሚገኝበት በአዲስ አበባ የወደቁትን ለሚያነሣ፣ እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ላለ ድርጅት ይስጣት። ለተወለዱበት ደብር መስጠት ክብር ነው፤ ነገር ግን የድኻው ጥቅም ከሰጪው ስም ይቀድማል።

ለተቀባዩም ሥርዓት አለው። ሰበካ ጉባኤው ስጦታውን በቃለ ጉባኤ ይቀበል፤ በንብረት መዝገብ ያስገባ። መኪናዪቱ ማንን፣ ወዴት፣ በስንት ቤንዚን እንዳደረሰች በየቀኑ ይጻፍ። የአንድ ሹም የግል መመላለሻ እንዳትሆን ምእመናን መዝገቡን ይዩ። ማደስ ካቃተም በይፋ ጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለቆሎ ተማሪው ልብስና ለሕመምተኛው መድኃኒት ማዋል ነውር የለውም። በግቢው ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮ የምታድርባት መኪና ግን የሰጪውንም የተቀባዩንም ስንፍና ታወራለች።

በአገራችን ስጦታ መመለስ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ አለቃ የማይጠቅመውን እያወቀ አመስግኖ ይቀበላል፤ ሰጪውም የጠቀመ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ በመካከሉ ድኻው እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ከዚህ ሐሰተኛ ምስጋና ይልቅ «ልጄ፣ ይህችን በዚያው ሽጠህ ዋጋዋን ላክልን» ብሎ በፍቅር የሚመክር አባት ለሰጪው ነፍስ ይበልጥ አሰበለት።

የኢዮቤልዩ አምላክ ሰጪውን ከግብዝነት፣ ተቀባዩንም ከይሉኝታ አርነት ያውጣ፤ በመንገድ የወደቀውን የሚያነሣ እጅ፣ አንሥቶም እስከ ማደሪያው የሚያደርስ ትዕግሥት ለሁላችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።