ለሳሎን የመረጥኩት ጫካ

ዛሬ ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አይደለም የማወራው፣ ስለ ስዕል ነው። አትሳቁብኝ።

እዚህ ባሕራ ማዳሜ ሳሎኑን አስቀብታ ስትጨርስ ሞባይሏን ዘረጋችልኝና «የቱ ይሻላል?» አለችኝ። አምስት ዓመት ስሠራላት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። አንዱ ፀሐይ የምትጠልቅበት ባሕር ነው። ሌላው ጭጋግ የዋጠው የጥድ ጫካ፤ ሺሽኪን የሚባል የሩሲያ ሰዓሊ በፈረንጆቹ 1889 የሠራው። ድቦቹን የሳለለት ሳቪትስኪ የሚባል ጓደኛው ነው አሉ።

ጫካውን አልኳት። ደብረ ታቦር አካባቢ ነው ያደግኩት፤ ዙሪያው እርሻ ሆኖ ጥዱና ወይራው የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። በነሐሴ ማለዳ ልክ እንደዚያ ነው። ይሄን ግን አልነገርኳትም።

«ቤቱን ያጨልመዋል» አለች። «ውጭው ቀኑን ሙሉ ዓይን ይወጋል፣ እቤት ስንገባ ጥላ ይሻለናል» አልኳት። «ብቻ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አይሰቀል፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይም አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል።» መጋረጃ የማጥበው እኔ አይደለሁ? የቱ ጋ እንደሚለቅ አውቃለሁ።

ድቦቹ ግን አስቸገሩ፤ ነፍስ ያለው ነገር ስዕል ሳሎን ላይ አትሰቅልም። ድብ የሌለበት ሌላ የጥድ ጫካ ፈልገን አገኘን።

እንግዶች መጥተው «ማን መረጠው?» ሲሏት «እኔ» አለች። ቡና እየቀዳሁ ሰማሁ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። አሁን ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስጠርግ፣ እሷ ሳትነሳ፣ ትንሽ ቆሜ አየዋለሁ።