የነሐሱ አምባር
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን አንጥረኛው የማርያ ቴሬዛን ብር እያቀለጠ አምባርና መስቀል ይሠራበት እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ ገንዘቡ ጌጥ ይሆን ነበር ማለት ነው። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ግን ነገሩ ተገላብጦ ጌጡ ራሱ ገንዘብ ሆነ። ዛሬ የምነግራችሁም ስለዚሁ ጌጥ ነው።

ይህ አምባር ከነሐስ ወይም ከመዳብ የተሠራ፥ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ፥ ሁለቱ ጫፎቹም ሳይገናኙ ሰፋ ብለው የቀሩ ነው። ማኒላ ይባላል፤ ይኸውም በእስጳኝ ቋንቋ አምባር ማለት ነው።

በዛሬዪቱ ናይጄሪያ ውስጥ በነበረው በጥንታዊው የቤኒን መንግሥት ነሐስ የንጉሥ ማዕድን ነበር። እንደ ብረት ዝገት ስለማይበላው የዘውዱን ጽናት፥ በቅላቱና በማንጸባረቁም የንጉሡን ግርማ ያመለክት ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ሕዝቦች ዘንድም አምባሩ ለጥሎሽ ይሰጥ፥ በቀብር ሥርዓትም ይከፈል ነበር። ሴቲቱ በክንዷ ላይ የደረደረችው አምባር የቤቷን ሀብት ለተመልካች ሁሉ ይናገር ነበር።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የፖርቱጋል መርከቦች አምባሩን በብዛት ያራግፉ ጀመር። ዱዋርቴ ፓቼኮ ፔሬይራ የተባለው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው መጽሐፍ፥ በቤኒን አንድ ባሪያ ከ12 እስከ 15 በሚደርስ አምባር ይገዛ እንደ ነበር መስክሯል። እናት አምጣ የወለደችው ሰው፥ በ12 አምባር! የሙሽራዪቱን ክንድ ያከበረው ነሐስ የወንድሟ መሸጫ ሆነ።

የአምባሩ ነገር በዚህ አላበቃም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የወጣ የሊቃውንት ምርምር፥ ከሰጠሙ መርከቦች የተገኙ አምባሮችን በመፈተሽ፥ የቤኒን አንጥረኞች ዝነኛ ምስሎቻቸውን በአብዛኛው የሠሩት ይህንኑ አምባር አቅልጠው እንደ ሆነ አመለከተ፤ ማዕድኑም ከጀርመን አገር ከራይን ወንዝ አካባቢ የወጣ ነበር። በሰው ደም የመጣውን ነሐስ እነዚያ እጆች የነገሥታት መታሰቢያ አደረጉት። በ1897 የእንግሊዝ ጦር ከተማዪቱን በወረረ ጊዜ ምስሎቹ ተዘርፈው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተበተኑ። ጀርመን በ2022 ከአንድ ሺሕ በላይ የሚሆኑትን ባለቤትነት ለናይጄሪያ መልሳለች።

በናይጄሪያ ገበያ ግን አምባሩ ገና ይመነዘር ነበርና የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በ1948 እና በ1949 ከ32 ሚሊዮን በላይ አምባር ከሕዝቡ ሰበሰበ፤ ገንዘብነቱም ቀረ። ሆኖም አንድ ሰው ለሠርግና ለቀብር ሥርዓት እስከ 200 አምባር እንዲያስቀር ተፈቀደለት። ያ የመንግሥት ትእዛዝ የገበያውን ዋጋ ሲሽር የሙሽራዪቱንና የሟቹን ክብር ሳይነካ መተዉ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። አምባሩ ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ክብር ነበር፤ ገንዘብነቱ ሲያልፍም ክብር ሆኖ ቀረ።